ዐፊፋ ለጎረቤቷ የሰጠችው ቁልፍ

ዐፊፋ ሰው አታምንም። ሐሜት አይደለም፤ እሷው ራሷ በኩራት የምትናገረው ነው። ፒያሳ ካለ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ኋላ ተቀምጣ ሒሳብ ስትቀበል፣ እያንዳንዱን ብር ወደ አምፖሉ አንስታ ሳታይ መሳቢያ ውስጥ አትከትም። ለዓመታት በየጠዋቱ ማኪያቶ የሚጠጡት ጡረተኛ እንኳ አይቀርላቸውም። «ኧረ ልጄ፣ እኔ እኮ ደንበኛሽ ነኝ» ሲሏት፣ «እርስዎን አውቃለሁ፤ ብሩን ግን ዛሬ ማየቴ ነው» ትላቸዋለች። ጡረተኛው ይስቃሉ። እሷ አትስቅም።

ይህ ጠባይ ዝም ብሎ ከሰማይ አልወረደባትም። አባቷ ከወሎ መጥተው እሪ በከንቱ ሠፈር የከተሙ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። የሞቱ ጊዜ አጎቷ ለቅሶው ሳይበርድ አቅፏት እያነባ «ለሱቁ ፈቃድ እድሳት ነው፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» አላት፤ ፈረመች። ዓመት ሳይሞላ ሱቁ የአጎቷ ሆኖ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ፈገግ ብሎ የሚቀርባት ሰው ሁሉ ከኋላው እስክሪብቶ የደበቀ ይመስላታል። የሲን የሚባል ባል ነበራት። ደግ ሰው ነበር፤ ችግሩም ደግነቱ ነው። «ሰው በነጻ እንዲህ ደግ አይሆንም» ብላ ኪሱንና ስልኩን ትፈትሻለች፤ ምንም ስታጣ ደግሞ «እንዴት አድርጎ ቢደብቀው ነው?» ትላለች። ሰውዬው ሰልችቶት ጓዙን ሸክፎ ወጣ። ሲወጣ «አላልኩም?» አለች።

አሁን የቀሯት እናቷ ብቻ ናቸው። እማማ ረይሀና ዕድሜያቸው ገፍቶ መርሳት ጀምሯቸዋል። አንድ ቀን ዐፊፋ ሥራ ላይ እያለች ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡና፣ ሥላሴ አካባቢ አጥር ተደግፈው «የደሴ አውቶቡስ ከየት ነው የሚነሳው?» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ሲጠይቁ ተገኙ። ከዚያ ጀምሮ ዐፊፋ ሥራ ስትሄድ ቁርሳቸውን ታበላና በሩን ከውጭ በጓጉንቸር ትቆልፋለች። ምሳ ሰዓት ላይ ሮጣ መጥታ ታያቸዋለች። ሠራተኛ መቅጠር አስባ ነበር፤ ግን ማንን አምና? ቤቱ በእናቷ ስም የተመዘገበ የቀበሌ ቤት ነው። ሠፈሩ ሊፈርስ ነው፣ ምትክ ቤት ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ በየቀኑ ይናፈሳል። በዚህ ጊዜ እናቷ ጎን የሚቀመጥ ሰው ነገ «እኔም የቤቱ ልጅ ነኝ» ብሎ እንደማይመዘገብ ምን ዋስትና አለ?

እንቁ እነ ዐፊፋ ወደሚኖሩበት ግቢ የመጣችው ዶሮ ማነቂያ ሠፈር ተከራይታበት የነበረው ቤት ሲፈርስ ነው። ከጋራ ማድ ቤቱ ጎን ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይታ ልብስ እየጠገነች ብቻዋን ትኖራለች። ሳቋ አጥር የሚዘል ሴት ናት። በመጣች በሳምንቷ በመስኮቱ ብረት በኩል ከእማማ ረይሀና ጋር ወዳጅ ሆነች። ብርቱካን ልጣ ታቀብላቸዋለች፤ ስለ ደሴ እየጠየቀች ታስወራቸዋለች። ማታ ዐፊፋ ስትገባ እናቷ «ዛሬ እንቁ…» ብለው ይጀምራሉ። የገዛ ልጃቸውን ስም አንዳንዴ የሚረሱ ሴት የእንቁን ስም አይረሱም። ይህ ዐፊፋን አንገበገባት። ቅናት ነበር፤ እሷ ግን ጥንቃቄ አለችው።

«ቤት የፈረሰባት ሰው ምን ትፈልጋለች?» አለች አንድ ቀን፣ ግቢው በር ላይ ትንሽ ሱቅ ላላት ለኤዶም።

«ምን ትፈልጋለች?»

«ቤት ነዋ!»

ኤዶም ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! ጥላሽንም መታወቂያ ሳትጠይቂው አትቀሪም።»

በዚያ ሰሞን ከአዋሽ በኩል የሚነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ እየዘለቀ አልጋ ይነቀንቅ፣ ብርጭቆ ያንቀጫቅጭ ነበር። የእሪ በከንቱ ሰው መጀመሪያ ቀለደበት። «አፍራሽ ግብረ ኃይል ይመጣል ስንል መሬቱ ራሱ ቀደመው» ተባለ። አንድ ሌሊት ግን የሁሉም ቆርቆሮ አንድ ላይ ሲንኳኳ ቀልዱ ቆመ። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ አባይነህ ሰው ጠሩ። እድሩ ሰው ሲሞት ድንኳን መትከል እንጂ ሳይሞት መሰብሰብ አልለመደበትም፤ ስለዚህ ግማሹ ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ «ማን ሞተ?» እያለ ነው የመጣው።

«ማንም አልሞተም፤ እንዳይሞት ነው» አሉ ጋሽ አባይነህ። ከዚያ ዘርዘር አድርገው ተናገሩ። መታወቂያና ውል፣ መድኃኒት፣ ባትሪና ውሃ የያዘ ሻንጣ በር ሥር ይቀመጥ። ቆጣሪው የት እንደሚጠፋ ልጅ አዋቂው ይወቅ። መተላለፊያው ላይ የተከመረ እንጨትና አሮጌ ሶፋ ይነሳ፤ በዚያች ጠባብ መውጫ እንኳን የእሳት መኪና ጋሪም አይገባም።

«የኔ ሻንጣ ዶሮ ማነቂያ ከወጣሁ ጀምሮ በር ሥር ነው የሚያድረው» አለች እንቁ። «አንዴ በድንገት ውጪ የተባለ ሰው ሁለተኛ አይዘናጋም።» ሰው ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች።

«አንድ ነገር ቀረ» አሉ ጋሽ አባይነህ። «ሰው ቆልፋችሁ የምትሄዱ አላችሁ። ክፋት አይደለም፤ ኑሮ ነው። ግን መሬቱ ቢናወጥ፣ እሳት ቢነሳ፣ ቁልፉ ፒያሳ ሆኖ ሰውየው እዚህ ቢሆን ምን ይደረጋል? ሁለተኛ ቁልፍ ለቅርብ ጎረቤት ይሰጥ።»

ስም አልጠሩም። ዓይን ሁሉ ግን ወደ ዐፊፋ ዞረ። ወዲያው እንቁ እጇን አወጣች። «እኔ ቀን ቀን ቤት ነኝ። የእማማን ቁልፍ እኔ ልያዝ።»

እዚህ ላይ «አይሆንም» ማለት ይቻል ነበር። ግን በሠፈር ፊት፣ እጇን ለዘረጋች ጎረቤት «አላምንሽም» ብሎ መናገር ለእኛ ሰው ከሞት ይከብዳል። ዐፊፋ ሰውን አትመን እንጂ ይሉኝታ ታውቃለች። «እሺ፣ ምን ችግር አለ!» አለች፤ ፈገግም አለች። ቤት ገብታ መሳቢያዋን በረበረች። ከዓመታት በፊት ዝጎ የተጣለ ጓጉንቸር ነበራት፤ ጓጉንቸሩ ሲጣል ቁልፉ ቀርቶ ነበር። መልኩም መጠኑም ከአዲሱ ጋር አንድ ነው። እሱን በቀይ ክር አስራ፣ በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ ለእንቁ ሰጠቻት። «አላህ ይስጥልኝ» አለቻት ጭራሽ።

እንቁ ቁልፉን ተቀብላ ከአንገቷ ማተብ ጋር አሰረችው። «ከዚህ አይጠፋም» አለች። «ይህ ለማስመሰል ነው» አለች ዐፊፋ በልቧ።

ቁልፉ እንደማይከፍት እያወቀች ደግሞ አርፋ አልተቀመጠችም። በማግስቱ ሥራ ስትሄድ የጓጉንቸሩን ቀዳዳ በስሱ ሳሙና ደፈነችው። ምሳ ሰዓት ላይ ስትመጣ ሳሙናው ተበስቶ አገኘችው። ደሟ ፈላ። ሞክራዋለች! አደጋ ሳይኖር፣ ማንም ሳይጠራት፣ የሰው በር ሞክራለች! «አላልኩም?» አለች፤ የሲን ከወጣ ወዲህ እንዲህ ደስ እያላት የተናደደችበት ቀን አልነበረም።

ግን ማንን ትጠይቅ? «ለምን በሬን ሞከርሽ?» ብትል፣ «ለምን የማይከፍት ቁልፍ ሰጠሽኝ?» ሊመጣ ነው። እንቁም ብትሆን «ቁልፍሽ አይከፍትም» ለማለት መሞከሯን ማመን አለባት። በዚህ ዓይነት ሁለቱ ሴቶች በየጠዋቱ ቧንቧው ጋ እየተገናኙ «እንደምን አደርሽ?» «አልሐምዱ ሊላህ፣ አንቺስ?» እየተባባሉ፣ አንዷ የሌላዋን ዓይን ሳታይ ጄሪካናቸውን ሞልተው ይለያያሉ። ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አያወሩም። እንቁ አንድ ሁለቴ አፏን ከፍታ መልሳ ዘግታዋለች። ዐፊፋ ይህንንም አየች፤ ጥፋተኛ ሰው እንዲህ ነው አለች።

ከዚያ በኋላ ያየችው ሁሉ ለጥርጣሬዋ ማገዶ ሆነ። አንድ ማታ እናቷ ብርቱካን እየበሉ «እንቁ ጎበዝ ልጅ ናት» አሏት።

«ምን አደረገች ደግሞ?»

«አልጋዎ በየት በኩል ነው አለችኝ፤ ነገርኳት። በሩ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው አለችኝ። ማጠፊያውንም በመስኮት አጮልቃ አየችው። ብረቱ አርጅቷል አለች።»

ዐፊፋ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እማ፣ ለሰው እንዲህ አይነገርም!»

«እንቁ ሰው ናት እንዴ?» አሉ እማማ ረይሀና ተገርመው። «የቤት ልጅ ናት እንጂ።»

ይኸው! የቤት ልጅ! የፈራችው ቃል ከእናቷ አፍ ወጣ። በሳምንቱ ደግሞ የባሰ መጣ። ከቧንቧው ስትመለስ የእንቁ በር ገርበብ ብሎ፣ ከልብስ መስፊያ ማሽኑ ጀርባ፣ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ረዥም ነገር ተደግፎ አየች። ጫፉ ወጣ ብሎ ነበር፤ ዲጅኖ ነው፣ ግንበኞች ድንጋይ የሚፈነቅሉበት ብረት። ልብስ ጠጋኝ ሴት ዲጅኖ ምን ይሠራላታል? ጨርቅ አይፈነቀል! ዐፊፋ ለኤዶም ነገረቻት። ኤዶም «ለሌባ ይሆናላ፤ ብቻዋን የምትኖር ሴት» አለች። «ለሌባ ነው ወይስ…» አለችና ዐፊፋ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችም። የዚያኑ ዕለት ከሥራ ስትወጣ ሁለተኛ ጓጉንቸር ገዛች፤ ትልቅ፣ የመጋዘን። ከዚያ ወዲህ እናቷ በሁለት ጓጉንቸር ይቆለፉ ጀመር። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ልቧ አርፎ ሥራዋን ሠራች።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ባንኮኒዋ ጀርባ ተቀምጣ የአንዲት ሴት ብር ወደ አምፖሉ አንስታ እያየች ስልኳ ጮኸ። ኤዶም ናት። ጩኸትና ሳል እንጂ ቃል አይሰማም፤ በመጨረሻ «እሳት! ግቢው! ከማድ ቤቱ ነው የተነሳው!» የሚለው ተሰማት። ዐፊፋ ብሩን መሬት ጥላ፣ መሳቢያውን ክፍት ትታ ወጣች። ከዚያ በፊት መሳቢያ ከፍታ ስትወጣ ያያት ሰው አልነበረም፤ የኬክ ቤቱ አስተናጋጆች እስከ ዛሬ ያወሩታል።

ቁልቁለቱን እየሮጠች ስታይ ከእሪ በከንቱ ቆርቆሮዎች በላይ ጭሱ ጠቁሮ ተነስቷል። ጫማዋ አንዱ ወለቀ፤ ጥላው ሮጠች። ከእሳቱ በላይ አንድ ነገር ብቻ ዓይኗ ላይ መጣ፤ በቀይ ክር የታሰረ ቁልፍ። እንቁ አሁን በሩ ላይ ቆማ ያንን ቁልፍ ታዞራለች። አይዞርም። ቢዞርስ? በላዩ ላይ ሁለተኛው አለ። እናቷ ውስጥ ሆነው «ማነው?» ይላሉ። ጭሱ በጣሪያው ሥር ይገባል። ያፈናቸው እሳቱ አይደለም፤ እሷ ናት። ዐፊፋ ሰው እየገፋች፣ እያለቀሰች፣ በሕይወቷ ጠይቃው የማታውቀውን ጸሎት ጸለየች። «ያረቢ፣ እንቁ ሌባ ትሁን! ያሰብኩት ሁሉ እውነት ይሁን! በር መስበር የምታውቅ ሌባ ትሁንልኝ!»

መግቢያው ላይ የእሳት መኪናው ቆሟል፤ መግባት አቅቶት ቧንቧ እየዘረጋ ነው። ሠፈሩ በባልዲ ውሃ ይቀባበላል። ዐፊፋ ሰዎቹን ጥሳ ልትገባ ስትል አንድ ድምፅ ጠራት።

«ዐፊ! ደሴ ደረስን እንዴ?»

እማማ ረይሀና አስፋልቱ ዳር፣ የኤዶም ሱቅ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በእንቁ ነጠላ ተጠቅልለው ያስላሉ፤ ግን ያስላሉ፣ ይናገራሉ፣ አሉ። ዐፊፋ እግራቸው ሥር ተዘረገፈች። እንቁ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ጥላሸት ሆኗል፤ መዳፎቿ ተልጠው ይደማሉ።

ማምሻውን እሳቱ ጠፍቶ ሰው ሲገባ የዐፊፋ ቤት ቆሟል። ግድግዳው በጭስ ጠቁሯል እንጂ አልተቃጠለም። በሩ ግን ከማጠፊያው ተፈንቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ሁለቱም ጓጉንቸሮች እንደተቆለፉ ናቸው። ከማድ ቤቱ ጎን የነበረችው የእንቁ ክፍል የለችም። የልብስ መስፊያው ብረት ብቻ አመዱ መሃል ጠቁሮ ቆሟል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እድሩ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ብርድ ልብስ ያመጣም፣ ምጣድ ያመጣም አለ። እንቁ እጆቿ በፋሻ ተጠቅልለው ዳር ላይ ተቀምጣለች፤ በእነዚያ ቀናት የምታድረው ኤዶም ጋ ነው። ጋሽ አባይነህ አመስግነው፣ አጽናንተው ሲያበቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንቁ፣ እንዳትቀየሚኝ። ለወደፊቱ እንድንማር ነው። ቁልፍ በእጅሽ እያለ በር መስበር ምን አመጣው? ያ ሁሉ ደቂቃ ሴትዮዋን ሊገድል ይችል ነበር።»

ሰው ሁሉ ወደ እንቁ ዞረ። ቁልፉ አሁንም ማተቧ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። እንቁ አንገቷን ደፋች። «ደንግጬ ነው ጋሼ። የት አባቴ እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።»

«አንገትሽ ላይ!» አለ አንዱ ከኋላ። ጥቂት ሰው ሳቀ።

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ አባይነህ፣ ቃላቸውን እያለሰለሱ፣ «የሰው ነፍስ በአደራ የሚይዝ ሰው ልቡ የረጋ መሆን አለበት። ሌላ ሰው እንመርጣለን።»

ዐፊፋ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። እንዲያውም፣ ወይ ጉዷ፣ እዚያ ተቀምጣም መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ «ለምን ትሸፍንልኛለች? በኋላ ምን ልትጠይቀኝ ነው?» የሚል ነበር። ከዚያ ፋሻውን አየች። በገዛ ሐሳቧ እንዲህ ያፈረችበት ቀን የለም። ተነሳች።

«ቁልፉ አልጠፋባትም» አለች። «የማይከፍት ቁልፍ ነው የሰጠኋት። የተጣለ ጓጉንቸር ቁልፍ። አውቄ ነው። ሁለተኛም ጓጉንቸር ጨመርኩበት። አላመንኳትም።»

ጋሽ አባይነህ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ዐፊፋ ወደ እንቁ ሄዳ ፊቷ በርከክ አለች። «አፉ በይኝ፣ እንቁ። በአላህ ይዤሻለሁ።»

እንቁ ስትናገር ያ አጥር የሚዘል ድምፅ አልነበረም።

«አውቅ ነበር» አለች። «በሰጠሽኝ ማግስት ሞከርኩት። ሳልሞክር ብቀመጥ ምን ዓይነት ዝግጅት ነው ብዬ ነው። አልከፍት አለ። ተሳስታ ይሆናል ብዬ ልነግርሽ ስል ፊትሽን አየሁት። አልተሳሳትሽም። ምን ልበልሽ? አፈርኩ፤ ላንቺ አፈርኩ። ዲጅኖውን ከግንበኛ የለመንኩት ለዚያ ነው። ማጠፊያው እንዳረጀ አይቼ ነበር፤ ያም ሆኖ ቶሎ እሺ አላለኝም። እማማ ውስጥ ሆነው ማነው ይሉኛል፣ እኔ ነኝ እማማ እላቸዋለሁ፣ እመታለሁ።»

በፋሻ የታሰረ እጇን ወደ አመዱ ዘረጋች።

«ቁልፉ ቢከፍት ኖሮ ተመልሼ ሻንጣዬን አነሳ ነበር። እዚያው በር ሥር ነበር፤ ዲጅኖውን በሁለት እጄ ይዤ ስወጣ አልፌው ነው የሄድኩት፤ ከዚህ እስከዚያ ግድግዳ አይርቅም። የልጄ የኢዩኤል ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ። ከሞተ ወዲህ ሌላ የለኝም። ዶሮ ማነቂያ ቤቴ ሲፈርስ እንኳ እነሱን ይዤ ወጥቻለሁ።»

ዐፊፋ እንቁ ልጅ እንደነበራት እንኳ አታውቅም ነበር። ስለ እንቁ ያን ሁሉ ስትመረምር፣ ይህን አንድ ቀን ጠይቃት አታውቅም።

«አፉ በይኝ» አለች ዐፊፋ ደግማ።

«ለዘላለም ይቅር አልልሽም አላልኩም» አለች እንቁ። «ዛሬ ግን አትጠይቂኝ። ዛሬ አልችልም።»

በዚያ መሃል ከቤት ውስጥ የእማማ ረይሀና ድምፅ መጣ፤ «እንቁ! እንቁዬ፣ የት ሄድሽ?»

እንቁ ዓይኗን በፋሻዋ ጀርባ ጠረገችና ተነሳች። ከጋሽ አባይነህ ፊት ከተቀመጠው ሰሃን አንድ ብርቱካን ወስዳ፣ በዐፊፋ አጠገብ ሳታያት አልፋ፣ በር በሌለው መግቢያ ገባች። «መጣሁ እማማ» ስትል ተሰማች። ከዚያ በታሰሩ እጆቿ ልጣጩን ስትታገል፣ እማማም «አምጪ፣ እኔ ልላጥልሽ» ሲሏት ተሰማ። ሰው አንድ በአንድ ምጣዱንና ብርድ ልብሱን እያኖረ ተበተነ። ዐፊፋ ልግባ አልግባ ሳታውቅ በገዛ ደጃፏ ቆማ ቀረች።